ከተሽከርካሪ ነጻ የብስክሌት ጎዳናዎች፤ ከፈረንሳይ ገጠር እስከ አርሲ ደጋ

በኦሮሚያ ክልል አርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው አቦምሳ በገበያ ቀን ማለዳ ከሚያመራው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። አህያ የሚነዱ፣ በፈረስና በበቅሎ የሚመጡ፣ ሸቀጣቸውን በጋሪ የጫኑ፣ አልፎ አልፎም በብስክሌት የሚጓዙ ወጣቶች መንገዱን ይጋሩታል። ከኋላቸው የጭነት መኪና ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ሁሉም ወደ ዳር ይሸሻል፤ አቧራው እስኪበርድ ድረስም ቆሞ ይጠብቃል። የጠጠር መንገድ ወደ አስፋልት በሚያድግባቸው የገጠር አካባቢዎች ደግሞ አቧራው ይቀራል፤ የተሽከርካሪው ፍጥነት ግን ይጨምራል።

ችግሩ የአንድ አካባቢ ወይም የአንድ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረገው ሪፖርት እንደሚያመለክተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ብስክሌት ተጠቃሚዎች ናቸው።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ሞተር ያላቸው ተሽከርካሪዎች የማይገቡባቸውን ጎዳናዎች ማዘጋጀት ነው። በዚህ ረገድ ከፍተኛ ልምድ ካካበቱት አገሮች መካከል ፈረንሳይ ትጠቀሳለች። የፈረንሳይ ገጠሮች ዛሬ ብስክሌተኛው የመኪና ድምፅ ሳይሰማ ለቀናት ሊጓዝባቸው በሚችሉ ጎዳናዎች የተያያዙ ናቸው። እነዚህ ጎዳናዎች እንዴት ተፈጠሩ? ተመሳሳይ የተፈጥሮ ጸጋ ላላቸው እንደ አርሲ ላሉ አካባቢዎችስ ምን ትምህርት ይሰጣሉ?

አረንጓዴ ጎዳና ምንድን ነው?

በፈረንሳይ ሁለት ዓይነት የብስክሌት ጉዞ መስመሮች አሉ። የመጀመሪያው "አረንጓዴ ጎዳና" የሚባለው ሲሆን፣ ሞተር ለሌላቸው ተጓዦች ብቻ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 የወጣው የፈረንሳይ ድንጋጌ ይህን ጎዳና ለእግረኞች፣ ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎችና ለፈረሰኞች የተከለለ መንገድ በማለት በትራፊክ ሕጉ ውስጥ አካቶታል። በዚህ ትርጉም ውስጥ ፈረሰኛው ከብስክሌተኛው ጋር እኩል መጠቀሱ፣ ፈረስ የኑሮ አካል ለሆነበት እንደ አርሲ ላለ አካባቢ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሁለተኛው "የብስክሌት መስመር" በሚል የሚታወቀው ረጅም ርቀት የሚሸፍን ጎዳና ነው። ይህ መስመር አረንጓዴ ጎዳናዎችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሲሆን፣ በመካከላቸው ክፍተት ሲያጋጥም ጥቂት መኪና የሚያልፍባቸውን የመንደር መንገዶች ይጠቀማል። ስለሆነም አንድ ረጅም መስመር ከዳር እስከ ዳር ከተሽከርካሪ ነጻ ላይሆን ይችላል። ዋናው መመዘኛ ተጓዡ ከፍተኛ የተሽከርካሪ ፍሰት ካለበት አውራ ጎዳና መራቁ ነው።

የእነዚህ ጎዳናዎች ዓላማ ከውድድር የተለየ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1903 የተጀመረው የታላቁ የብስክሌት ውድድር የቱር ደ ፍራንስ አገር ናት። በውድድሩ ዋናው ነገር ፍጥነት ሲሆን፣ በአረንጓዴ ጎዳና የሚጓዘው ሰው ግን ጓዙን ከኋላ ጭኖ፣ ባሻው ቦታ እያረፈ፣ አገር እያየ ይሄዳል። ጓዝ የጫነ ልምድ ያለው ብስክሌተኛ በሜዳማ ቦታ በቀን ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን በ20 እና በ30 ኪሎ ሜትር ይወሰናል። የማረፊያ ቦታዎች ርቀትም በዚሁ ስሌት የሚወሰን ነው።

የተተወ የባቡር ሐዲድ ለአዲስ አገልግሎት

አብዛኞቹ የፈረንሳይ አረንጓዴ ጎዳናዎች ከባዶ የተሠሩ አይደሉም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመኪና ትራንስፖርት እየተስፋፋ ሲሄድ በገጠር ከተሞች መካከል ይመላለሱ የነበሩ በርካታ አነስተኛ የባቡር መስመሮች ሥራ አቁመዋል። ሐዲዶቹ ተነስተው መሬቱ ለዓመታት ጾሙን ካደረ በኋላ ወደ ብስክሌት ጎዳናነት እንዲለወጥ ተደርጓል።

በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ የሆነው በቡርጎኝ አካባቢ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ የተዘረጋው 44 ኪሎ ሜትር ጎዳና ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ የፈረንሳይ የመጀመሪያው አረንጓዴ ጎዳና ተደርጎ ይቆጠራል። በወይን እርሻዎችና በትንንሽ መንደሮች መካከል የሚያልፈው ይህ ጎዳና የቀድሞውን የባቡር መስመር ተከትሎ የተሠራ ነው። ከክሉኒ ወደ ደቡብ በሚቀጥለው ክፍሉ 1 ነጥብ 6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው አሮጌ የባቡር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው የሌሊት ወፎች የብርዱን ወራት የሚያሳልፉበት በመሆኑ በእነዚያ ወራት ለተጓዦች ይዘጋል።

የባቡር መስመር ለብስክሌት ተስማሚ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ደልድለው፣ ወንዙንም በድልድይ አሻግረው መስመሩን ዘርግተዋል። በዚህም ምክንያት የአብዛኞቹ መስመሮች ተዳፋት በ100 ሜትር ርቀት ከ3 ሜትር አይበልጥም። ልጅም ሆነ አዛውንት ያለ ድካም ሊጓዝበት ይችላል። ድልድዩ፣ የውኃ ማፍሰሻውና ድልድሉ አስቀድመው የተሠሩ በመሆናቸው ወጪውም አዲስ መንገድ ከመሥራት ጋር አይወዳደርም። የቀድሞ የባቡር ጣቢያዎች ደግሞ ወደ ማረፊያ፣ ወደ ምግብ ቤትና ወደ ብስክሌት ማከራያነት ተለውጠዋል።

ይህን መንገድ የተከተለችው ፈረንሳይ ብቻ አይደለችም። በእንግሊዝ ብሪስቶልን ከባዝ የሚያገናኘው የተተወ የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት ደረጃ በደረጃ ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፍቷል። ስፔንም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ባካሄደችው ፕሮግራም ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የቀድሞ የባቡር መስመር ወደ አረንጓዴ ጎዳናነት ቀይራለች።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ጉዳይ የሥራው ቅደም ተከተል ነው። የዢቭሪና የክሉኒ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1997 ተከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት አገር አቀፍ የብስክሌት መስመሮች ዕቅድ አጸደቀ፤ አረንጓዴ ጎዳና በትራፊክ ሕጉ ውስጥ የገባው ደግሞ በ2004 ነው። አንድ አካባቢ በራሱ ተነሳሽነት የሠራው 44 ኪሎ ሜትር መንገድ ለአገር አቀፉ ዕቅድና ሕግ መነሻ የሚሆን ምሳሌ ሆኗል ማለት ነው።

የወንዝና የቦይ ዳር መንገዶች

ሁለተኛው የጎዳናዎቹ ምንጭ ውኃ ነው። ሞተር ከመፈጠሩ በፊት በቦዮች ላይ ጭነት የሚያጓጉዙ ጀልባዎች በፈረሶች ይጎተቱ ነበር። ፈረሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ቦዩን ተከትሎ የተሠራ ሲሆን፣ ውኃ ዳገት ስለማይወጣ መንገዱም ሜዳማ ነው። ዛሬ በእነዚህ መንገዶች ላይ ብስክሌተኞች ይጓዛሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ታዋቂው በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘው የሚዲ ቦይ ነው። በፒየር ፖል ሪኬ መሪነት እ.ኤ.አ. ከ1666 እስከ 1681 የተቆፈረው ይህ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቦይ የቱሉዝን ከተማ ከሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ጋር ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከቱሉዝ የሚነሳው የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ለስላሳ ንጣፍ የተደረገለት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ግን የአፈርና የጠጠር መንገድ የሆኑ ክፍሎች አሉት። በቦዩ ግራና ቀኝ ለተጓዡ ጥላ የሚሰጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች የነበሩ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በተገኘ የዛፍ በሽታ ምክንያት ብዙዎቹ ተቆርጠው በሌላ ዝርያ እየተተኩ ነው።

ከቦዮች በተጨማሪ የሎዋር ወንዝን ተከትሎ የሚሄደው 900 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መስመር በብዙ ጎብኚዎች ይመረጣል። መስመሩ በጥንታዊ ቤተ መንግሥቶችና በእርሻ መንደሮች በኩል አልፎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይደርሳል። ከአትላንቲክ ተነስቶ 10 አገሮችን በማቋረጥ እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቀው አህጉር አቀፍ የብስክሌት መስመር አካልም ነው። እንዲሁም ከሮስኮፍ ወደብ ተነስቶ በምዕራባዊው የአገሪቱ ዳርቻ እስከ ስፔን ጠረፍ የሚዘልቅ፣ ከ1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር እ.ኤ.አ. በ2012 ተመርቋል።

መንገድን ጎዳና የሚያደርገው ምንድን ነው?

ጸጥ ያለ መንገድ መኖሩ ብቻውን ጎብኚን አያመጣም። የፈረንሳይ ልምድ እንደሚያሳየው አንድ መንገድ የብስክሌት ጎዳና ለመባል አራት ነገሮች ያስፈልጉታል።

አንደኛው መከለል ነው። በጎዳናው መግቢያዎች ላይ መኪና እንዳይገባ የሚያግድ አጭር ምሰሶ ወይም መዝጊያ ይተከላል። ለጥገና ተሽከርካሪና ለአምቡላንስ ግን የሚከፈት ይሆናል። ሁለተኛው ምልክት ነው። በየመገናኛው የሚቀጥለውን ከተማ ስምና ርቀት የሚገልጽ ምልክት ከሌለ እንግዳ ተጓዥ ይጠፋል። ሦስተኛው የአውራ ጎዳና መሻገሪያ ነው። ጎዳናው ከመኪና መንገድ ጋር በሚቋረጥበት ቦታ ላይ አደጋ ሊደርስ ስለሚችል ግልጽ ምልክትና የፍጥነት መቀነሻ ያስፈልጋል።

አራተኛውና ለአካባቢው ሕዝብ ይበልጥ የሚጠቅመው አገልግሎት ነው። በፈረንሳይ ብስክሌተኛን ለመቀበል ብቁ መሆናቸው ለተረጋገጠ ማረፊያ ቤቶችና ድርጅቶች የሚሰጥ አገር አቀፍ መለያ አለ። መለያውን ለማግኘት ድርጅቱ ምልክት ከተደረገበት የብስክሌት መስመር ከ5 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ መገኘት፣ ለብስክሌት አስተማማኝ ማቆሚያ ማዘጋጀትና የመጠገኛ መሣሪያ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ብስክሌተኛ በቀን የሚሄደው ርቀት አጭር በመሆኑ በመኪና ከሚያልፈው ጎብኚ ይልቅ በየመንደሩ ያድራል፤ ይመገባል፤ ይገዛል። በአውቶቡስ የሚጓዝ ጎብኚ የማያያት ትንሽ መንደር ከብስክሌተኛው ገቢ ታገኛለች።

ከአፍሪካም ተጠቃሽ ምሳሌ አለ። ሩዋንዳ በኪቩ ሐይቅ ዳርቻ ከሩባቩ እስከ ሩሲዚ የሚደርስ 227 ኪሎ ሜትር የእግርና የብስክሌት ጉዞ መስመር አዘጋጅታለች። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከተሽከርካሪ ነጻ ባይሆንም ነባር የገጠር መንገዶችን በማያያዝና ስም በመስጠት የተፈጠረ በመሆኑ ለኢትዮጵያ ሁኔታ የቀረበ ነው።

ብስክሌት በኢትዮጵያ

ብስክሌት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. በ1956 በተካሄደው የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን ጨምሮ የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን አሰልፋ ነበር። ከ60 ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 የመቀሌው ተወላጅ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ባሕር ዳርን፣ ሐዋሳንና መቀሌን በመሳሰሉ ከተሞችም ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሆኖ ቆይቷል።

በቅርብ ዓመታት መንግሥት ለሞተር አልባ ትራንስፖርት የሚሰጠው ትኩረት ጨምሯል። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው "መንገድ ለሰው" በተሰኘው መርሐ ግብር የተመረጡ ጎዳናዎች በእሑድ ቀን ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለእግረኛ፣ ለሯጭና ለብስክሌተኛ ክፍት ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ተዘጋጅቷል። በ2016 ዓ.ም. በመዲናዋ በተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ጁን 3 ቀን የዓለም ብስክሌት ቀን ሆኖ ይከበራል።

እነዚህ እርምጃዎች በአብዛኛው ከተማን የሚመለከቱ ናቸው። ረጅም ርቀት በእግሩ የሚሄደው ግን የገጠሩ ሕዝብ ነው። ዝናው በዓለም የናኘው የአርሲው ተወላጅ አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር በተደጋጋሚ ተነግሯል። ከዚያ ወዲህ በየአካባቢው በርካታ ትምህርት ቤቶች ቢከፈቱም፣ ለገጠር ተማሪ መንገድ አሁንም የትምህርት ቀኑ አካል ነው።

የአርሲ መልክዐ ምድር ለብስክሌተኛ

አርሲ ከአዋሽ ሸለቆ ቆላ ተነስቶ እስከ ውርጭ የሚደርስ መልክዐ ምድር አለው። ከአዲስ አበባ በ175 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከበላይዋ የጭላሎ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የጋላማ፣ የበዳና የካካ ተራሮችም የዚሁ ሰንሰለት አካል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙትን የደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮን የመሳሰሉ የዱር እንስሳት መኖሪያ ነው።

ከአሰላ ወደ ደቡብ፣ የእነ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ መፍለቂያ ወደሆነችው በቆጂ የሚወስደው መንገድ በሰፋፊ የስንዴና የገብስ ማሳዎች መካከል ያልፋል። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የተንቀሳቀሰበት፣ በስንዴ ምርምር የታወቀው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም የሚገኝበት ነው። ከዋናው አስፋልት ወጣ ብለው ማሳዎቹን የሚያቋርጡት የጠጠር መንገዶች ደግሞ መኪና እምብዛም የማያዘወትራቸው ናቸው። ብስክሌተኛው የሚፈልገው ጸጥታ የሚገኘውም በእነዚህ ላይ ነው።

አቦምሳ የምትገኝበት የቀድሞው የአርባ ጉጉ አውራጃ መልክ ከዚህ የተለየ ነው። አካባቢው በመስኖ ከሚለሙት የአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ተነስቶ ወደ ጉጉ ተራሮች የሚወጣ ተዳፋት ነው። በቲማቲም ድልሁ በብዙ ቤት የሚታወቀው "መርቲ" የሚለው ስም የዚሁ አካባቢ ነው። ወደ ደጋው ሲወጣ ቡና አብቃይ የሆኑ ቀበሌዎች ይገኛሉ። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ሙቀቱ፣ አዝመራውና የቤቱ አሠራር ሲለወጥ ማየት ይቻላል። ዳገቱ ግን ከባድ በመሆኑ ለጀማሪ ብስክሌተኛ ከላይ ወደ ታች የሚደረግ ጉዞ ይመረጣል።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። በዚህና ከዚህ በፊት በነበሩ ፕሮግራሞች የተሠሩት የጠጠር መንገዶች፣ ሕዝቡ ለዘመናት ከረገጣቸው የገበያና የውኃ መንገዶች ጋር ሲደመሩ፣ ፈረንሳይ ከተተዉ ሐዲዶችና ቦዮች ያገኘችውን ዓይነት መነሻ ይሰጣሉ። የጎደለው መከለል፣ ምልክትና ስም ነው።

አሮጌው የባቡር መስመር

ከአቦምሳ በስተሰሜን፣ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ፣ በወለንጪቲና በመተሐራ በኩል የሚያልፈው የቀድሞው የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር ከፈረንሳዩ ልምድ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። መስመሩ በፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰ ነው። "ለገሃር" የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ራሱ የባቡር ጣቢያ የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 በሌላ ንጣፍ ላይ ተሠርቶ የተመረቀ ሲሆን፣ አሮጌው መስመር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ከዚያ አስቀድሞ አገልግሎት መስጠት አቁሟል።

ዝቅተኛ ተዳፋት ያለው፣ ድልድዮቹና ጣቢያዎቹ በየመካከሉ የሚገኙ፣ ሰፊ ሜዳ የሚያቋርጥ የባቡር ንጣፍ በፈረንሳይ ቢሆን ለአረንጓዴ ጎዳና ቀዳሚ እጩ ይሆን ነበር። በኢትዮጵያ ሁኔታ ግን ሁለት ጉዳዮች ሊታሰብባቸው ይገባል። አንደኛ፣ መስመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቅርስ በመሆኑ ሐዲዱን ማንሳት ቅርሱን ማጥፋት ይሆናል። ስለዚህ ጎዳናው ከሐዲዱ ጎን ቢሠራ የተሻለ ነው። ሁለተኛ፣ በመተሐራ አካባቢ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት መስፋፋቱ በመንገዱና በሐዲዱ ላይ ሲያስከትል የቆየው ጉዳት የታወቀ ነው። የአካባቢው ሙቀትም ከአርሲ ደጋ ጋር የማይነጻጸር በመሆኑ ጥላና ውኃ በቅርብ ርቀት መገኘት ይኖርባቸዋል።

ለተጓዡ ጠቃሚ ነጥቦች

በአርሲ ደጋ ለብስክሌት ጉዞ የሚመረጠው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንበው የክረምት ዝናብ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ከጎማና ከፍሬን ጋር እየተጣበቀ ብስክሌቱን ያቆማል። የበልግ ዝናብም ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሊያጋጥም ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ የመኸር ወቅት ኮምባይነሮችና እህል የጫኑ መኪኖች በገጠር መንገዶች ላይ ስለሚበዙ ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ ነው።

ከቆላ የመጣ ተጓዥ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ላይ የመተንፈስ ድካም ሊሰማው ስለሚችል የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጭር ጉዞ ቢያደርግ ይመከራል። የደጋው ሌሊት ብርድ፣ ቀኑ ደግሞ ኃይለኛ ፀሐይ በመሆኑ ሁለቱንም የሚመጥን ልብስ ያስፈልጋል። ለጠጠር መንገድ ሰፋ ያለ ጎማ ይመረጣል። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ የጎማ መለጠፊያና የካቴና መጠገኛ መያዝ ግዴታ ነው። በከተሞች ጎሚስታ ቢገኝም በከተሞች መካከል ተጓዡ ራሱን መቻል አለበት።

በጎዳናው ላይ የመንገድ ሥርዓትም አለ። በፈረንሳይ አረንጓዴ ጎዳናዎች ብስክሌተኛው እግረኛን ቅድሚያ ይሰጣል፤ በፈረስ አጠገብ ሲያልፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እንስሳውን እንዳያስደነግጥም ከሩቅ ድምፁን ያሰማል። ከብትና በግ በሚነዳበት የአርሲ መንገድ ይህ ሥርዓት ይበልጥ ያስፈልጋል። መንደር ሲያልፉ ሰላምታ መስጠት፣ ማሳ ውስጥ ለማረፍ ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊትም መጠየቅ የአገሬው ወግ ነው።

ከመንገዱ ማን ይጠቀማል?

ከተሽከርካሪ ነጻ የሆነ ጎዳና ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው የውጭ አገር ጎብኚ ነው። የፈረንሳይ ልምድ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በአረንጓዴ ጎዳናዎች ላይ ከሩቅ የመጣው ጎብኚ ከሚታይበት ቀን ይልቅ፣ የአካባቢው ነዋሪ ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለስበት ቀን ይበልጣል። ጎብኚው በወቅቱ ይመጣል፤ ይሄዳል። ነዋሪው ግን ዓመቱን ሙሉ አለ።

ይህ በአርሲ ገጠሮች ይበልጥ እውነት ነው። አዲስ አስፋልት ሲሠራ ከጎኑ የእግረኛ፣ የጋሪና የብስክሌት መስመር አብሮ ካልታሰበ፣ ቀድሞ መንገዱን ይጠቀሙ የነበሩት ሰዎችና እንስሳት ወደ ቦይና ወደ ማሳ ይገፋሉ። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ይህን ማስተካከል ብዙ ወጪ ይጠይቃል። በዲዛይን ወቅት ከሆነ ግን ተጨማሪው ወጪ አነስተኛ ነው። ነባሩ የጠጠር መንገድ በአዲስ አስፋልት ሲተካም አሮጌውን ከማረስ ወይም ከመዝጋት ይልቅ ለሞተር አልባ ተጓዥ መተው ይቻላል።

በመሆኑም የመንገድ፣ የትራንስፖርት፣ የባህልና ቱሪዝም እንዲሁም የትምህርት ተቋማት በጋራ ሊሠሩባቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ። ከአንድ ከተማ እስከ ቅርብ ትምህርት ቤት ወይም ገበያ የሚደርስ አጭር መንገድ መርጦ መከለል፣ ምልክት መትከልና በመሻገሪያዎች ላይ የፍጥነት መቀነሻ መሥራት ለመጀመር በቂ ነው። የአካባቢው ሕብረተሰብ በየዓመቱ ለተፋሰስ ልማት የሚያውለው ጉልበት በከፊል ዛፍ ለመትከልና የውኃ መውረጃ ለመጥረግ ሊውል ይችላል። የፈረንሳዩ ዢቭሪና ክሉኒ ጎዳናም በአንድ አካባቢ 44 ኪሎ ሜትር ብቻ ይዞ የተነሳ ነበር።

ወደ አቦምሳ ገበያ በእግሩ ለሚወርደው መንገደኛ ጥያቄው መኪና በደረሰ ጊዜ የት ይቆማል የሚለው ነው። ከተሽከርካሪ ነጻ የሆነ ጎዳና ለዚህ ጥያቄ ምላሽ ሲሰጥ፣ ለብስክሌተኛ ጎብኚም በሩን ይከፍታል። መንገደኛው ሳይሸሽ የሚሄድበት መንገድ፣ እንግዳም ሳይሰጋ የሚጓዝበት መንገድ ይሆናልና።